ጣሪያው ሲያልበው፦ ፍሳሽ ነው ወይስ የቤቱ እንፋሎት?

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው አናጢ ጠርቶ ሚስማር ያስመታል። ገንዘቡ በከንቱ ይሄዳል። ዝናብ ሳይኖር የሚንጠባጠብ ቆርቆሮ አላፈሰሰም፤ አልቦታል። ቤት ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ሣር ላይ ጤዛ የሚያሳድረውም ይኸው ነው።

20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የሚችለው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ትርፉ ይንጠባጠባል። ደመና በሌለበት ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አራት ሰው ዘግቶ ቢያድር ከትንፋሽና ከላብ ብቻ እስከ ንጋት ከ1 ሊትር በላይ ውሃ አየሩ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ለዩ። ንጋት ላይ ቆርቆሮውን ከውስጥ በእጃችሁ ዳብሱት። ኮርኒስ ካለ አንዱን ጠርዝ ፈታ አድርጉ። ፍሳሽ ከሆነ ውሃው ከሚስማር ቀዳዳ ወይም ከቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ በመስመር ይወርዳል፤ ላብ ከሆነ ግን ቆርቆሮው በሙሉ በደቃቅ ጠብታ ይሸፈናል። ግድግዳው ከረጠበ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጉ። ከሁለት ቀን በኋላ በክፍሉ በኩል ያለው ገጽ ከረጠበ ጥፋቱ የቤቱ አየር ነው፤ በግድግዳው በኩል ያለው ከረጠበ ግን እርጥበቱ ከግንቡ ነው፣ አየር ማናፈስ ብቻውን አያደርቀውም።

ላብ መሆኑ ከታወቀ እንፋሎቱን ከምንጩ ቀንሱ። ድስት ክደኑ፣ የታጠበ ልብስ መኝታ ክፍል አታስጡ። ላምባ ምድጃን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ 1 ሊትር ላምባ ሲነድ 1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ጠዋት ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን ወይም በርና መስኮት ለ15 ደቂቃ ክፈቱ። ብርዱን ፈርታችሁ ከሰል አንድዳችሁ ቤቱን እንዳትዘጉ፤ የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል።

ዋናው ሥራ ኮርኒሱ ላይ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ እንፋሎቱን በስፌቱና በጠርዙ ያሳልፋል፤ ውሃው ላዩ ላይ ይጠራቀምና መሐሉ ይረግባል። ስለዚህ ጠርዙን ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ ዝጉ፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እንዳያመልጥ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን ከውጭ መተንፈስ አለበት። ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት በሁለት ትይዩ ጎን ክፍተት ተዉ፤ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ክፍተቱን በጭቃ የሚደፍን ሰው የኮርኒሱን እንጨት ያበሰብሳል። ላስቲክ የምታነጥፉ ከሆነ በሞቃቱ፣ በክፍሉ በኩል ይሁን።

ቁም ሣጥንን ከውጭ ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁ። የጤፍ ጆንያ በቀጥታ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከስሩ ጣውላ ይግባ። ሻጋታውን በሳሙና ውሃ እጠቡና አድርቁ፤ በረኪና ከተጠቀማችሁ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን።