ባርቤልን በቡሽ ስናጠምድ፦ ዘንጉ ሲያስቸግር ምክንያቱና መፍትሄው

ባርቤል የሚባለው የወንዝ ዓሣ ከአፉ ዙሪያ አራት ጢም አለው። ፈጣን ወንዝ ይወዳል፤ ሆዱን ጠጠሩ ላይ ለጥፎ ይውላል። መንጠቆ ሲይዘው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ወራጁን ተከትሎ እንደ ተለቀቀ ወይፈን ይፈተለካል።

ስለዚህ የማጥመጃው ዘንግ ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች አሉበት። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ቡሽ፣ ማለትም ክሩ ላይ ታስሮ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍና ዓሣ ሲበላ የሚሰምጥ ምልክት፣ ሲመራ ይውላል፤ ከዚያ ድንገት ከጉልበተኛ ጋር ይታገላል። ዘንግ ስንገዛ የምናስበው ትግሉን ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ግን ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቡሹ መስመሩን ትቶ ወደ ዳር ይጎተታል

ቡሹን ከዳር ሰባት ስምንት ሜትር አርቃችሁ ትለቁታላችሁ። ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ እናንተ መዞር ይጀምራል። አሁን ቡሹን ተዉትና ክሩን እዩት። ውኃው ላይ ተኝቶ እንደ ደጋን ጎብጧል። ቡሹን የሚጎትተው ያ ጉብጠት ነው። ታች ያለው ምግብም አብሮ ከመንገዱ ይወጣል። ባርቤል የሚበላው ወለሉ ላይ ነው፤ የወለሉ ውኃ ደግሞ ከላይኛው ቀስ ይላል። ምግቡ በዚያ ፍጥነት እንዲሄድ ቡሹን ያዝ፣ ለቀቅ እያደረጉ ማዘግየት ያስፈልጋል። ክሩ ውኃ ላይ ከተኛ ይህ አይታሰብም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዘንጉ አጥሮ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። “የባርቤል ዘንግ” ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ክሩ ላይ የታሰረ ከባድ የእርሳስ ብረት ወለል ላይ አስቀምጦ ለማጥመድ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 11 ወይም 12 ጫማ ነው። ላዩ ላይ 1.5 ወይም 1.75 ፓውንድ የሚል ይጻፍበታል፤ ጫፉ ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ እስኪሠራ ለማጠፍ የሚበቃ ክብደት ማለት ነው። ለእርሳሱ ግሩም ዘንግ ነው። ለቡሽ ግን አጭርም ከባድም ነው።

መፍትሄው ከ13 እስከ 15 ጫማ፣ ማለትም ከ4 ሜትር እስከ 4.5 ሜትር ገደማ የሚረዝም የቡሽ ዘንግ ነው። ጫፉ ከፍ ሲል ክሩ ከውኃው ይነሳል። እኔ አንዱን ምረጥ ብባል 14 እወስዳለሁ። ዳሩ በዛፍ ከተሸፈነ ግን 13ቱ ይሻላል፤ 15 ጫማ ቅርንጫፍ ሥር ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል። ደግሞ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦ በሚያልፍበት አካባቢ ረጅም ዘንግ ፈጽሞ አታንሱ።

ቡሹ ይሰምጣል፣ ዘንጉን ስታነሱ ባዶ ነው

ቡሹ 20 ሜትር ከራቀ በኋላ ይህ ከተደጋገመ፣ የላላው ክር ሳይወጠር ጉልበታችሁ አልቋል ማለት ነው። ዘንጉ ከመሃሉ በጣም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ራሱ ይውጠዋል። ጫፉ ለስላሳ፣ መሃሉ ጠንከር ያለ ይሁን። አነሳሳችሁም አጭር ንጥቂያ ሳይሆን ረጅም ስበት ይሁን።

ዓሣው ይያዛል፣ ግን አይወጣም

ይህ ሁለት መልክ አለው። ክሩ በመጀመሪያው ሩጫ ከተበጠሰ ዘንጉና ክሩ አልተጣጣሙም። ለ3 ፓውንድ ክር፣ ማለትም 3 ፓውንድ ያህል ብቻ ለሚችል ክር፣ በተሠራ ስስ ዘንግ ባርቤልን መግጠም ራስን ማታለል ነው። ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ክር የሚችል ጠንካራ የቡሽ ዘንግ ፈልጉ። የሚችለው የክር ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ ከእጀታው በላይ ይጻፋል።

ክሩ ሳይበጠስ መንጠቆው ብቻ እየተነቀለ ከመጣስ? ዘንጉ ግትር ነው። የዓሣው ግፊት ዘንጉ ላይ ማለቅ ሲገባው ከንፈሩ ላይ ያርፋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። ዘንጉን ገጣጥሙ፤ ክር በቀለበቶቹ አሳልፉና ጓደኛችሁ ክሩን ቀስ እያለ ይሳበው። ጫፉን ግን እንዳይዝ፤ ይሰበራል። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ይታጠፋል። ሲበረታ መሃሉ ይከተላል። በመጨረሻ ከቡሽ የተሠራው እጀታ ሥር ሲወጠር መዳፋችሁ ላይ ይሰማችኋል። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ጫፉ ታጥፎ ቀሪው እንደ መጥረጊያ እንጨት ድርቅ ካለ ተዉት።

ትግሉ ይረዝማል፣ ዓሣው ሲወጣ ይገለበጣል

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ባርቤል አቅሙ እስኪሟጠጥ ይታገላል። በሞቀ ውኃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ያንሳል። ዘንጉ እስከ እጀታው ጎብጦ ዓሣው ግን ንቅንቅ ካላለ፣ ዘንጉ ደካማ ነው፤ መለወጥ አለበት። የደከመውን ዓሣ ወዲያው አትልቀቁት። በመረቡ ውስጥ ጭንቅላቱን ወራጁ ወደሚመጣበት አዙራችሁ ያዙት። ራሱ ጎትቶ ሲሄድ ልቀቁት።

ክንድ ይዝላል

ረጅም ዘንግ ጫፉ ከከበደ ገና ረፋዱ ላይ ትከሻ ይቆርጣል። ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ሳትገጥሙ ሚዛኑን አትፍረዱ። ትንሽ ከበድ ያለ ማጠንጠኛ ሚዛኑን ወደ እጅ ይመልሰዋል።

በዝናብ ክሩ ዘንጉ ላይ ይጣበቃል

ቀለበቶቹ ዘንጉ ላይ ተጠግተው ከተሠሩ እርጥብ ክር ይለጠፋል፤ ቡሹም ይንገጫገጫል። እግራቸው ከፍ ያለ ቀለበቶች ያሉት ምረጡ። ያላችሁ ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጠረግ እያደረጉ ከመቀጠል ሌላ ብልሃት አላገኘሁም።