ከሞላሰስ የባክቴሪያ ሰርፋክታንት እንዴት ይሰራል?

እንዶድ ቀጥቅጦ ልብስ ያጠበ ሰው፣ ስሙን ባይሰማም፣ ሰርፋክታንትን ያውቀዋል። ዱቄቱ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። አረፋው የሚመጣው በአንድ ጫፉ ውኃ፣ በሌላው ጫፉ ቅባት ከሚይዝ ሞለኪውል ነው። ሰርፋክታንት የሚባለው ይህ ሞለኪውል ነው፤ ተክል ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያም ይሰራዋል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመርተው ሰርፋክቲን የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 20 ሚሊግራም ገደማ ከገባ፣ የውኃውን የገጽ ውጥረት (የውኃው ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ የሚሳሳብበትን ኃይል) ከ72 ወደ 27 ሚሊኒውተን በሜትር ያወርደዋል። ለዚያ ትንሽ መጠን ይህ ትልቅ ጉልበት ነው።

መጀመሪያ ባክቴሪያውን አግኙ። ብዙ መመሪያዎች አፈር ቆፍራችሁ በ80 ዲግሪ ሙቀት አሞቁና የተረፈውን አሳድጉ ይላሉ። እኔ ግን አልመክርም። ያንን ሙቀት የሚቋቋመው ባሲለስ ሰብቲሊስ ብቻ አይደለም፤ የአባ ሰንጋ ዘርም ይቋቋማል። አባ ሰንጋ ደግሞ በአገራችን አፈር ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ማንነቱ የታወቀ ዝርያ ከዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ጠይቁ፤ ሥራውንም እዚያው፣ ከባለሙያ ጋር ስሩት። ጓዳ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ምግቡ ሞላሰስ ነው። እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ስኳሩን ካወጡ በኋላ የሚቀራቸው ጥቁር፣ ወፍራም ፈሳሽ ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው። 40 ግራም መዝናችሁ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጡት። ዝቃጩ እስኪወርድ አቆዩና አጥሉት። 2 ግራም የእርሾ ጭማቂ ዱቄት፣ 2 ግራም ዳይፖታሺየም ፎስፌት፣ ግማሽ ግራም ማግኒዚየም ሰልፌትና እጅግ ጥቂት የብረት ሰልፌት ጨምሩበት። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 7 ላይ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ብልቃጥ ቅዱት። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፦ 500 ሚሊሊትር በሚይዝ ብልቃጥ 100 ሚሊሊትር ብቻ። እኔ መጀመሪያ ስሰራ ግማሽ ድረስ ሞላሁት። በማግስቱ አረፋው አንገቱን አልፎ የጥጡን ውታፍ አርሶታል። ውታፉ ከረጠበ የውጭ ጀርም መግቢያ ያገኛል፤ ስለዚህ ሁሉንም መድፋት ግድ ሆነ። ብልቃጦቹን በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) አምክኑ። ሲቀዘቅዙ ባክቴሪያውን ጨምሩ። አንዱን ብልቃጥ ግን ያለ ባክቴሪያ ተዉት፤ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል። ከዚያ ሁሉንም በ30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 ጊዜ በሚዞር ሼከር ላይ ለ72 ሰዓት አቆዩ።

አረፋ ሲበዛ ብዙ ሰው ማጥፊያ መጨመር ያምረዋል። አትጨምሩ። የምትፈልጉት ነገር የሚሰበሰበው አረፋው ላይ ነው። ከፍ ብሎ ከወጣ በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉትና እንዲሟሽሽ ተዉት፤ የሚቀረው ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ካለው የበለጠ ሰርፋክቲን ይይዛል።

መስራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ሰፊ ሳህን ላይ ውኃ አድርጉና በላዩ ስስ የዘይት ሽፋን አንሳፍፉ። ከብልቃጡ የተቀዳና በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዝቃጭን በሚለይ ማሽን) የጠራ አንድ ጠብታ መሐሉ ላይ ጣሉ። ዘይቱ ድንገት ወደ ዳር ይሸሻል፤ መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ክብ ይከፈታል። የማነጻጸሪያው ጠብታ ግን ይህን ካላደረገ ባክቴሪያችሁ ሥራውን ሰርቷል ማለት ነው። ክቡ ሲሰፋ ማየት አይሰለችም።

ለማውጣት ፈሳሹን በሴንትሪፊዩጅ አዙሩና ከታች የተጋገረውን ሕዋስ ለዩ። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ አየር በሚስብ ቦታ፣ በጠራው ፈሳሽ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ እየጨመራችሁ ፒኤቹን 2 አድርሱት። ፈሳሹ ይደፈርስና ቀላል ቡናማ ብናኝ ይታይበታል። ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት እንደገና አዙሩትና ዝቃጩን ሰብስቡ። ዝቃጩን በጥቂት ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ እየጨመራችሁ ፒኤቹን 8 ስታደርሱት ይሟሟል። ከአንድ ሊትር ብዙ አትጠብቁ፤ ጥቂት ግራም እንኳ ጥሩ ውጤት ነው።

የቀረውን ሕዋስ ሳታመክኑ አትድፉ። አሲድ ያለበት ፈሳሽ ላይ በረኪና ፈጽሞ አይጨመርም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሰርፋክቲኑን ቆዳ ላይ አትሞክሩት። ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈነዳ ነገር ነው። ይልቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የነካው አሸዋ በሁለት ጠርሙስ እኩል አድርጉ። አንዱ ላይ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ላይ የእናንተን ፈሳሽ ጨምሩና አናውጧቸው። ለአንድ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ ከአሸዋው ለቆ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት አስተያዩ።