ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ብየዳን በአልትራሳውንድ ለመፈተሽ ሲጣመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ተሳቢ የሚሠራው፣ ታንከር የሚጠቀልለው፣ የሼድ ብረት የሚያቆመው ወርክሾፕ ብዙ ነው። እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ሁለቱ ብየዳን ገና በሥራ ላይ እያለ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን በስክሪን በማየት፣ ለመፈተሽ ቢጣመሩ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ዕቃው ተቀብቶ ከግቢ ከወጣ በኋላ ሳይሆን፣ በያጁ ቦታው ላይ እያለ ይያዛል። ግን መንገዱ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ።

ከማሽኑ መጀመር

በጀት ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ግዢ ነው። እባካችሁ ከግዢው በፊት ፋብሪካው አንድ ነገር ይመልስ፦ ፈልፍለን ደጋግመን የምንበይደው የትኛው መገጣጠሚያ ነው? የብረቱስ ውፍረት ስንት ነው? የተለመደው የብየዳ አልትራሳውንድ ስታንዳርድ፣ አይኤስኦ 17640፣ የሚነሳው ከ8 ሚሊሜትር ነው። ሥራችሁ ባብዛኛው 3 እና 4 ሚሊሜትር ላሜራ ከሆነ ለጊዜው በዓይን ምርመራና በፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሚያሳይ ቀለም) ላይ ብትበረቱ ይሻላል። ወፍራም ብረት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ከአዳማ ዳር የቆሙት የነፋስ ተርባይን ማማዎች ከተጠቀለለ ወፍራም ብረት የተበየዱ ናቸው፤ አልትራሳውንድ ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ ያለ ብረት ላይ ነው።

ድሮዊንግ ብቻ ይዞ መምጣት

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሙሉ ምርመራውን ገደል ይከታል። ድሮዊንጉ የእያንዳንዱ ብረት ጠርዝ በ30 ዲግሪ ይቆረጥ ይላል እንበል። ብየዳው ከጠርዙ ጋር ሳይዋሃድ የቀረበት ቦታ ካለ፣ ድምፁ ያንን ፊት ቀጥ ብሎ ሲመታው ነው ጥሩ ሆኖ የሚመለሰው። ፕሮብ ድምፁን ወደ ብረቱ የሚልከው መሣሪያ ነው፤ ዲግሪው ድምፁ ከቀጥታ ወደ ታች ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይናገራል። ለ30 ዲግሪ ጠርዝ የሚስማማው የ60 ዲግሪ ፕሮብ ነው። አሁን ጠርዙ በጋዝና በግራይንደር በእጅ ሲቆረጥ 20 ዲግሪ ላይ ቀረ። የሚያስፈልገው የ70 ዲግሪ ፕሮብ ሆነ ማለት ነው። ተማሪው ይህን ሳያውቅ በ60ው ቢፈትሽ ድምፁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል፤ ስክሪኑ ንጹህ ይመስላል፤ ጉድለቱ ግን እዚያው ነው።

ጠርዙ በእውነት እንዴት እንደተቆረጠ የሚያውቀው የቆረጠው ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪው ፕሮብ ከማንሳቱ በፊት «ጋሼ፣ ይሄን ስንት ዲግሪ ቆረጣችሁት?» ብሎ ይጠይቅ። ከመበየዱ በፊት ደግሞ ራሱ ይለካው። ከተዘጋ በኋላ መለኪያ የለም።

ሳይቆርጡ ስክሪኑን ማመን

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የ20 ሚሊሜትር ብረት በ60 ዲግሪ ፕሮብ ሲፈተሽ፣ ድምፁ የብየዳው ሥር (የታችኛው ጫፍ) ላይ የሚደርሰው ፕሮቡ ከመሃል መስመሩ ወደ 35 ሚሊሜትር ሲርቅ ነው። እዚያ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ምልክቶች ይመጣሉ። አንዱ ከሥር ወጣ ያለው ጤነኛ የብየዳ እብጠት ነው። ሌላው እውነተኛ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የእብጠቱ ምልክት ጥልቀቱን ከ20 ትንሽ ያሳልፋል፤ 21 ወይም 22 ሊያሳይ ይችላል። ፕሮቡን ወደ ተቃራኒው ወገን አዙራችሁ ስትፈትሹም ምልክቱ እንደገና ከመሃል መስመሩ ባሻገር ይወድቃል። ከሁለቱም ወገን አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ አንብቦ ማወቅና በእጅ መልመድ አንድ አይደለም። ለልምምድ የሚሆነውን ብረት ፋብሪካው ራሱ ይሥራው። ልምድ ያለው በያጅ ሆን ብሎ ስላግ (የብየዳ ቅርፊት) ይቅበርበት፣ ሥሩን ሳያቀልጥ ይለፍ፣ ቀዳዳ ይተው። ተማሪው ያየውን በወረቀት ያስፍር። ከዚያ ብረቱ ይቆረጥ፣ ይለስልስ፣ በናይትሪክ አሲድና በአልኮል ድብልቅ ይታጠብ። የብየዳው ድርብርብ በዓይን ይወጣል። ወረቀቱና ብረቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ። መቁረጫውና ላቦራቶሪው ያለው ዩኒቨርሲቲው ዘንድ፣ ብየዳው ያለው ፋብሪካው ዘንድ ነው። ጥምረቱ አንዱ ያለ ሌላው የማይችለውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ትኩስ ብረትን እንደ ቀዝቃዛ መቁጠር

በየድርቡ መሃል፣ አንዱ የብየዳ ድርብ አልቆ ሌላው ሳይጀመር፣ መፈተሽ የሚቻል ነገር ነው። ግላስጎው የሚገኘው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮቦት እየበየደ፣ ሮቦት እየፈተሸ ሠርተውታል። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ያለው ተራ ፕሮብ ግን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አይችልም። በሁለት ድርብ መሃል ያለ ብረት ደግሞ ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በትኩስ ብረት ውስጥ ይዘገያል። የፕሮቡ ፕላስቲክ ሲሞቅም የጨረሩ አንግል ይዛወራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረትም ቀላል አይደለም። ማሽኑ ጥላ ውስጥ ተስተካክሎ ሥራው ፀሐይ ላይ ከሆነ፣ የሙቀት ልዩነቱ ከ15 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። ከበለጠ እንደገና አስተካክሉ።

ሌላም አለ። ግማሽ የተሞላ ብየዳ የራሱ ጠርዝ ድምፅ ይመልሳል። ያንን ከጉድለት መለየት ራሱን የቻለ ጥሩ የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል። በሃይድሮጅን የሚመጣ ስንጥቅ ደግሞ ብረቱ ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል፤ በተለይ ጥንካሬው ከፍ ባለ ብረት 48 ሰዓት ጠብቆ መፈተሽ የተለመደ ነው። በሥራ መሃል መፈተሽ የመጨረሻውን ምርመራ አይተካም።

በያጁን ተከሳሽ ማድረግ

ውጤቱ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ከሄደና በያጁ ስለ ጉድለቱ በደመወዝ ቅጣት ከሰማ፣ ነገ እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው የለም። ስክሪኑን መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት። «መጋጠሚያው እዚህ ጋ አልቀለጠም» ሲባል፣ ኤሌክትሮድ የቀየረበት ቦታ መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል።

ፊርማውን ለመምህሩ መተው

ዶክትሬት ያለው መምህር ዘዴውን ሊያሻሽል ይችላል። ዕቃ ለደንበኛ «አልፏል» ብሎ የሚፈርመው ግን በአይኤስኦ 9712 (የፈታሾችን ብቃት በሚያረጋግጠው ስታንዳርድ) ወይም በተመሳሳይ ሥርዓት ቢያንስ ደረጃ 2 የያዘ ባለሙያ ነው። ይህ በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የጥናቱ ውጤት ከመታተሙ በፊት የትኛው ቁጥር የፋብሪካው ምስጢር እንደሆነም እንዲሁ። ከሁለቱም ወገን ስልክ የሚያነሳ አንድ አንድ ሰው በስም ይመደብ። የሥራ ፕሮግራሙም በፈተና ወቅትና በፋብሪካው የትዕዛዝ ጥድፊያ መሃል እንዳይወድቅ ሁለቱ ካላንደራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይነጋገሩ።