የወፍ ፈንጣጣን እንዴት ትለያላችሁ?

ዶሮ ያረባ ሰው ፈንጣጣን ያውቃታል። የዱር ወፎችም የራሳቸው አላቸው፤ ቫይረሶቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ አቪፖክስ ይባላሉ። እኔ ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ወፍ ማየት ደግሞ ሱሴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ዳር ቢምቢው ሲበዛ ባይኖኩላሬን አንጠልጥዬ ድንቢጦቹን አያለሁ።

መጀመሪያ ላባ የሌለበትን ቦታ እዩ፦ የዓይን ዙሪያ፣ የመንቁር ሥር፣ እግርና ጣት። ቫይረሱ ጤነኛ ቆዳ ሰብሮ አይገባም። ጭረት ወይም የቢምቢ ንክሻ ይፈልጋል፤ ቢምቢ ደግሞ ገላጣ ቆዳ ነው የሚቀናት። እባጩ ኪንታሮት መሰል ነው። ሲቆይ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ አንዳንዴም ይደማል። ብዙዎቹ ወፎች በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ዓይኗ የተሸፈነባት ግን ምግቧንም ጭልፊቱንም አታይም።

እባጩ እግር ላይ ብቻ ከሆነ አትቸኩሉ። ቅንቅንም እግርን ያሻክራል፣ ቅርፊት ያስወጣል። ደም የጠጣ መዥገርም ከሩቅ እባጭ ይመስላል፤ ፎቶውን አጉሉት። እግር ላይ ኪንታሮት የሚያወጣ ሌላ ቫይረስም አለ። ስለዚህ በዓይን ብቻ ያያችሁትን «ተጠርጣሪ» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነት፣ ከስንቱ ስንቱ እንደታመመ አብራችሁ መዝግቡ። ፎቶ ከሁለቱም ጎን ይሁን።

አስቸጋሪው የአፍና የጉሮሮው ዓይነት ነው። ውስጡ እንደ አይብ ያለ ቢጫማ ነገር ይጋገራል፤ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ መዋጥ ያቃታት ወፍ ካያችሁ ጠርጥሩ። ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታም ይህንኑ ያሳያል።

ቁርጡን የሚናገረው ላብራቶሪ ነው። የሞተች ካገኛችሁ በጓንት አንሱ፣ በሁለት ፌስታል አሽጉ፣ በቅዝቃዜ ለእንስሳት ሐኪም አድርሱ። ናሙና የምትወስዱ ባለሙያዎች እባጩን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ በማይክሮስኮፕ ሴሉ ውስጥ የቦሊንገር አካላት (ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ የሚሠራቸው ክምችቶች) ከታዩ ፈንጣጣ ነው። ሌላው ግማሽ ያለ ፎርማሊን ይቀዝቅዝ፤ ለፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ ነው፣ ፎርማሊን የነካው ያስቸግራል።

በሽታው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አይታወቅም። ግን ቅርፊቱን አትላጡ፤ ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ልጆች የታመመች ወፍ ይዘው ከመጡ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ ዶሮዎቹ አይጠጉ። ለወፎች ውሃ የምታስቀምጡበትን ሳህን በ1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ። ታማሚ ወፍ እየመጣች ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት አንሱት።