«ክሮኒክ» የሚለውን የሕክምና ቃል እንዴት መረዳትና መጠቀም ይቻላል?

በእንግሊዝኛ በተጻፈ የሕክምና ወረቀት ላይ «ክሮኒክ» የሚል ቅጽል ሲገኝ አብዛኞቻችን «ሥር የሰደደ» ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ የተለመደ ቢሆንም፣ በአማርኛ ሕመም ሥር ሰደደ ሲባል ጠንቶ ከእጅ የወጣ ስለሚመስል ታማሚውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ቃሉ የመጣው ጊዜ የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ «ክሮኖስ» ሲሆን፣ የሚናገረውም ሕመሙ ስለ መቆየቱ እንጂ ስለ መክፋቱ አይደለም።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ሕመሙ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው። መለኪያው እንደየበሽታው ይለያያል፤ የአዋቂ ሰው ሳል ከ8 ሳምንት፣ የኩላሊት በሽታ ከ3 ወር፣ የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ኢንፌክሽን ደግሞ ከ6 ወር በላይ ሲዘልቅ ክሮኒክ ይባላል። ተቃራኒው «አኪዩት» በድንገት የሚጀምር ሕመም ነው፤ ተራ ጉንፋንም ሆነ ለሞት የሚያደርስ የልብ ጥቃት በዚሁ ስም ይጠራሉ።

«የማይድን» ብሎ መተርጎም ከሁሉም የባሰ ስሕተት ነው። ስኳርና ደም ግፊት በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ክትትል እንደሚፈልጉ እሙን ነው፤ ነገር ግን ክሮኒክ ሄፓታይተስ ሲ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ቢቆይም፣ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት በሚዋጥ ክኒን ከታካሚዎች ከ95 በመቶ የሚበልጡት ይድናሉ።

በአጠቃቀም ረገድ ቅጽሉ ከሕመሙ ስም በፊት ይገባል፤ «ክሮኒክ ፔይን» ማለት ከ3 ወር በላይ የቆየ የሕመም ስሜት ነው። ሰውን ለመግለጽ ግን «አይ አም ክሮኒክ» አይባልም፤ «አይ ሃቭ ኤ ክሮኒክ ኮንዲሽን» (ክሮኒክ ሕመም አለብኝ) ማለት ይገባል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ቤት ሲገቡ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። ክሮኒክ ሕመም እንዳለ ሲጠየቅ፣ በየቀኑ አምሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ግፊታቸው 120/80 የሆነ እናት «አሁንማ ደህና ነኝ» ብለው «የለም» ሊሉ ይችላሉ። ግፊቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ «አለ» ነው፤ የመድኃኒቱ ስምና መጠንም አብሮ ይጻፍ። ለወላጅ የሚያስተረጉም ልጅ «ሥር የሰደደ በሽታ አለብዎት ወይ?» ከሚል ይልቅ «ለረጅም ጊዜ የቆየ፣ መድኃኒት ወይም ክትትል የሚፈልግ ሕመም አለብዎት ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የተሟላ መልስ ያገኛል።