ጥሩ ጂን ለምን ጣዕም ያጣል? የአቀማመስና የአደባለቅ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ክራፍት ጂን እየተባሉ በአነስተኛ መጠን በሚዘጋጁት የዘመናችን ጂኖች ውስጥ የጥድ ፍሬ እንደ ድሮው ብቻውን አይነግሥም። የብርቱካን ልጣጭ፣ ድንብላል፣ ሄልና አበባ ጎልተው ይወጣሉ። በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ሄንድሪክስ የተባለው ጂን በኪያርና በጽጌረዳ ይህን መንገድ ካስለመዱት አንዱ ነው። ስስ መዓዛ ግን በቀላሉ ይጠፋል። «ጂኑ አይረባም» የተባለባቸው ብዙ ጠርሙሶች ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ ያለው በበረዶው፣ በቶኒኩ (ጂን በሚቀላቀልበት መራራ ባለጋዝ ለስላሳ) ወይም በአቀማመሱ ላይ ነው።

ችግር፦ አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ሌላ ምንም አይሸትም

ከብርጭቆው ቀድሞ የሚወጣው የአልኮሉ ትነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጂን ከ37.5 በመቶ፣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከ40 በመቶ በታች እንዳይሆን ያዛሉ፤ ብዙ አነስተኛ አምራቾች ከዚህም ከፍ ያደርጉታል። እንደ ወይን ጠጅ እያሽከረከሩ ማሽተት ትነቱን ያብሰዋል።

20 ሚሊ ሊትር ያህል አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ቅዱና ጥቂት ደቂቃ ተዉት። አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ ከጠርዙ በላይ አሽትቱ። ቀጥሎ በረዶ ያልነካው ውሃ በእኩል መጠን ጨምሩበት፤ 40 በመቶ የነበረው 20 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው ጂኑ የሚናገረው። ብዙ ጊዜ የሎሚና የብርቱካን መዓዛ ይቀድማል፤ የጥድ ሙጫ የሚመስለው ጠረን ይከተላል፤ የእርጥብ አፈር ጠረን ያላቸው ሥራሥሮች መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብታሸትቱት የቀረው ምን እንደሆነ በግልጽ ይለያል። ሳትቀላቅሉ በፊት ይህን አንድ ጊዜ ማድረግ ከብዙ ብክነት ያድናል።

ችግር፦ ውሃ ሲነካው ደፈረሰ

አልተበላሸም። የቅመማቱ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፤ አልኮሉ ሲቀጥን ግን በጥቃቅን ጠብታ ተለይቶ ይወጣል። ዘይቱ የበዛበት ጂን መሆኑን ያሳያልና ምንም አታድርጉ።

ችግር፦ ጣዕም የለውም

ፍሪዘር ውስጥ ነበር? ብርቱ ቅዝቃዜ መዓዛውን ያፍነዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ የቀዘቀዘ ጂን ቀምሼ ባዶ ሆኖብኝ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳነሳው የብርቱካን አበባ ጠረን ነበረው። ጠርሙሱን ከፍሪዘር አውጡት፤ ማቀዝቀዙን በረዶው ይሠራዋል።

ችግር፦ ቶኒክ ሲገባበት ጂኑ ጠፋ

እዚህ ላይ ምክንያቱ ብዙ ነው። ቶኒክ የኩዊኒን ምሬት፣ ስኳርና አሲድ ይዞ ይመጣል፤ ስስ ጂንን በአንዴ ይውጠዋል። ለ50 ሚሊ ሊትር ጂን መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምራችሁ ቅመሱ፤ ከ150 ግን አትለፉ። መዓዛ የተጨመረበትን ቶኒክ ትታችሁ ስኳሩ ያነሰውን ተራ ቶኒክ ምረጡ።

በረዶውንም እዩት። ጥቂትና ደቃቅ ከሆነ ቶሎ ቀልጦ ሁሉንም ያቀጥነዋል፤ ብርጭቆውን በትላልቅ በረዶ ሙሉት። ቶኒኩ ራሱ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሞቅ ካለ ጋዙ ወዲያው ይሸሻል። በዝግታ ካፈሰሳችሁ በኋላ ማንኪያ ከታች አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ አድርጉት።

የሎሚ ጭማቂ አትጭመቁበት፤ ኮምጣጣነቱ አበባውን ይሸፍናል። ቀጭን ልጣጭ ከብርጭቆው በላይ ጠምዝዙ፤ የሚረጨው ዘይት መጠጡ ላይ ሲያብረቀርቅ ታዩታላችሁ።

ሰማያዊ ጂን በቶኒክ ወደ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ቢለወጥ ግን አትደንግጡ፤ ከአበባ የተገኘ ቀለም አሲድ ሲነካው እንዲህ ይሆናል።

ችግር፦ ማርቲኒው ይጎመዝዛል፤ ኔግሮኒው ጂን ጂን አይልም

ማርቲኒ የጂንና የቬርሙት ድብልቅ ስለሆነ ቬርሙቱን መርምሩ። ቬርሙት ወይን ጠጅ ነውና ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ይበላሻል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩትና በአንድ ወይም በሁለት ወር ጨርሱት። ኔግሮኒ በልማድ ጂንን፣ ጣፋጭ ቀይ ቬርሙትንና ካምፓሪ የተባለውን መራራ መጠጥ፣ ሦስቱንም እኩል 30 ሚሊ ሊትር ይጠይቃል፤ ስስ ጂን ከሆነ ጂኑን ብቻ ወደ 45 ከፍ አድርጉ። አሁንም ካልተሰማ ያን ጂን ለቶኒክ አቆዩት፤ ለኔግሮኒ የጥድ ፍሬው የበረታውን ፈልጉ።