በረሃ ላይ የጦር መልመጃ ሜዳ ካርታ ስትሠራ

ሥራው የሚጀመረው በፈቃድ ነው። የተኩስ ፕሮግራሙን ሳታይ፣ ሬዲዮ ሳትይዝ ንቅንቅ አትበል። ችካልም ፈንጂ አምካኞች ካጸዱት መሬት ውጭ አይመታም። ያልፈነዳ ተተኳሽ አሸዋ ሲለብስ ከድንጋይ አይለይም።

ቀጥሎ መቆጣጠሪያ ነጥብ ነው፤ ይኸውም ቦታው መሬት ላይ በትክክል የተለካ፣ ፎቶው ላይም የሚታይ ነጥብ ነው። ከተማ ውስጥ የአጥር ጥግ፣ የመንገድ መጋጠሚያ አለ፤ እዚህ ግን በአየር ፎቶ ላይ ይህ ነው ብለህ የምትጠቁመው ነገር የለም። ስለዚህ ድሮኑ ከመነሳቱ በፊት ምልክቱን ራስህ ታስቀምጣለህ። እኔ ጥቁር ጠጠር ላይ ነጭ ሸራ፣ ነጣ ያለ አሸዋ ላይ ጥቁር ሸራ በመስቀል ቅርጽ እዘረጋለሁ። የክንዱ ወርድ ፎቶው ላይ ከሦስት ፒክስል አይነስ። ጫፎቹን በድንጋይ ጫን፤ አንድ ጊዜ ሰንፌ ሳልጭን ቀርቼ በማግስቱ ሸራውን ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት።

ከፍታ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ጂፒኤስ የሚሰጥህ ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ) የተለካውን ነው፤ ካርታው የሚፈልገው ከባሕር ጠለል ያለውን። ልዩነቱ እንደየቦታው ብዙ አሥር ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ለመድፈኛ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በኢጂኤም2008 (በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በየቦታው በሚሰጥ የምድር ሞዴል) ቀይረህ ከፍታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ አረጋግጥ። በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካው ባለመነጽር መሣሪያ) የምታረጋግጥ ከሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ በሙቀቱ የስታፉ (በመነጽሩ የሚነበበው የመለኪያ ዘንግ) ቁጥር ይጨፍራል።

በ1:50,000 ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። ኮንቱርህ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) በየ20 ሜትሩ ከሆነ ሜዳው ባዶ ወረቀት ይሆንብሃል። ነገር ግን 3 ሜትር የሚጠልቅ ደረቅ ወንዝ ታንክ ይደብቃል፤ ዳሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ያስቆመዋል። እኔ በየወንዙ ዳር በእግሬ ሄጄ፣ መኪና የሚወርድበትንና የማይወርድበትን ለይቼ፣ ገደሉን በምልክት እስላለሁ። በኮንቱሮቹ መሃል በየ5 ወይም በየ10 ሜትሩ ቁርጥራጭ መስመር ጨምር።

የጨረቃ ቅርጽ ያለው የአሸዋ ክምር በዓመት ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። በነጠብጣብ ምልክት አሳየውና ፎቶው የተነሳበትን ቀን ካርታው ኅዳግ ላይ ጻፍ። የታንክ ዱካ ሁሉ መንገድ አይደለም፤ በቀደመው ዓመት ፎቶም የሚታየውን ብቻ ሳል።

ስም የሌለውን ኮረብታ ወታደር በከፍታው ይጠራዋል፤ «ኮረብታ 412» ይለዋል። አንተ እንደገና ለክተህ 409 ቢወጣም በሬዲዮ 412 መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ቁጥር ከመስጠትህ በፊት እዚያ የሚያልፍ እረኛ ካለ ጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ ስም አለው።